ዴልበርት የቆረጠው ካርድ

ረቡዕ ከራት በኋላ ዴልበርት ክሬብስ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሦስት የባንክ ክሬዲት ካርድ ማስታወቂያ ዘርግቶ ቆሽቱ እያረረ ተቀምጧል። ወረቀቶቹ ያብረቀርቃሉ። በሦስቱም ላይ ጥርሱ የነጣ ሰው ይስቃል። አንዱ አውሮፕላን ውስጥ ይስቃል፤ አንዱ ነዳጅ እየቀዳ ይስቃል፤ ሦስተኛው ምንም ሳያደርግ ዝም ብሎ ይስቃል። ዴልበርት ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲኖር ነዳጅ እየቀዳ የሚስቅ ሰው አይቶ አያውቅም።

"ይሄኛው በየዓመቱ ዘጠና አምስት ዶላር ይወስድና ማይል እሰጣለሁ ይላል" አለ። "የምን ማይል ነው የሚሰጠኝ? መንገዱ የሱ ነው?"

"የአውሮፕላን ነው፤ በካርዱ ዕቃ ስትገዛ እየተጠራቀመ ትኬት ይሆንልሃል" አለች ሚስቱ ቬርና፣ ሳህን እያጠበች።

"በአውሮፕላን የት ልሄድ?"

"የትም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ እሱን ተወዋ!"

ነገሩን ያመጣው በረዶው ነው። ከነሱ ከኬንታኪ በታች፣ ቴነሲ ውስጥ፣ የዘነበው ዝናብ ዛፉ ላይ እንዳለ በረዶ ሆነና ቅርንጫፉ እየተገነጠለ የኤሌክትሪክ መስመሩን ጎትቶ ጣለው። አገሩ በሙሉ ጨለመ። የመብራት ኩባንያው ሰው ማክሰኞ ዕለት ለዴልበርት ደወለ። ዴልበርት ዛፍ ቆራጭ ነው፤ ይህን ስልክ ስንት ክረምት ጠብቆታል። በየዓመቱ ስሙን ያስመዘግባል፤ በየዓመቱ ሥራውን የሚወስደው መኪናው አዲስ የሆነ፣ ጎልፍ የሚጫወት፣ የኦክን ዛፍ ከሜፕል ዛፍ የማይለይ ሰው ነው። ዘንድሮ ግን በረዶው ከመጠን በላይ ሆነና ጎልፈኞቹ አልበቁም።

"ስድስት ሰው ይዘህ ሰኞ ትደርሳለህ?" አለው የኩባንያው ሰው።

"አሁኑኑ ልነሳ?"

"ሰኞ ይበቃል። ለሆቴሉና ለክሬኑ ኪራይ የድርጅትህን ክሬዲት ካርድ ትሰጣቸዋለህ፤ እኛ በኋላ እንተካልሃለን።"

"በጥሬ ገንዘብ እከፍላለሁ።"

ሰውየው ሳቀ። ዴልበርት ያንን ሳቅ ያውቀዋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሳቅ ነው።

"ሆቴሉ ካርድ ካላየ ቁልፍ አይሰጥህም። ክሬን አከራዩም እንደዚያው። ከሌለህ ንገረኝና ሌላ ሰው ልፈልግ።"

"አለኝ" አለ ዴልበርት።

አልነበረውም። ድሮ ግን ነበረው። ከብዙ ዓመት በፊት ፓስተር ሃርላን ቸርቹ ምድር ቤት ውስጥ ምእመኑን ከዕዳ የሚያወጣ ትምህርት ከፍቶ፣ በመጨረሻው ምሽት ባልና ሚስቱ እየተነሳ ካርዱን በሕዝብ ፊት በመቀስ እንዲቆርጥ አደረገ። ቁራጩ ትልቅ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ይገባል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ዴልበርት የራሱን አራት ቦታ ቆረጠው። ቬርናም ተከትላው ቆረጠች። በማግስቱም ባንኩ ጋ ደውሎ ሒሳቡን አዘጋ። ሕዝቡ ያን ምሽት ቆሞ ነው ያጨበጨበላቸው። ዴልበርት በዕድሜው የተጨበጨበለት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ሲያቋርጥ ማንም አላጨበጨበም። በሃያ አራት ዓመቱ ለመጀመሪያዋ የሥራ መኪናው ብድር ሲጠይቅ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ጭቃ የያዘ ጫማውን አየና "አባትህን ይዘህ ና" አለው። አባቱ የሞተው በዚያው ዓመት ነበር። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ሳይነግረው ወጣ። ከዚያ ወዲህ መኪና ቢገዛ በጥሬ፣ መጋዝ ቢገዛ በጥሬ፤ ቤቱ የአባቱ ነው፤ ገንዘቡ በላስቲክ ታስሮ ኪሱ ውስጥ ነው። የማንም ዕዳ የለበትም። ማንም ቀና ብሎ ሊያየው አይችልም። እንዲያ ነበር የመሰለው።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና የቬርና ወንድም ግሌን ገባ። ግሌን ኢንሹራንስ ሻጭ ነው፤ በር አንኳኩቶ አያውቅም።

"አማቼ! ባንክ ልትከፍት ነው እንዴ?" አለና ወረቀቶቹን አገላበጠ። "የማይሉን ውሰድ። ሌላውን እዚያው ጣለው። እኔ አምና ፍሎሪዳ የሄድኩት በነፃ ነው።"

"በነፃ?"

"ካርዱ በሰጠኝ ማይል። ሰባራ ሳንቲም አላወጣሁም።"

"ማይሉን እንዲሰጥህ ምን ገዛህ?"

ግሌን የማቀዝቀዣውን በር ከፍቶ ወደ ውስጥ ማየት ጀመረ።

"ጀልባ" አለች ቬርና።

"ፍሎሪዳ በነፃ ለመሄድ ጀልባ ገዛህ?"

"ጀልባው ሌላ ጉዳይ ነው!" አለ ግሌን። "አንተ እኮ ነገር አይገባህም። ያንን በላስቲክ ያሰርከውን ጥቅል ሆቴሉ ውስጥ ብታወጣው ቁልፍ አይደለም የሚሰጡህ፣ ፖሊስ ነው የሚጠሩልህ። ዕፅ ሻጭ ነው የሚሉህ።"

"አፍህን ያዝ ግሌን።"

"ለራስህ ብዬ ነው። ካቃተህ ደግሞ ዋስ እሆንሃለሁ። ወንድምህ አይደለሁም እንዴ?" ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ የሰው ውሻ እንደሚያባብል።

ዴልበርት ጥርሱን ነከሰ። ግሌን ዋስ ከሆነ ያ ዋስትና በየገናው ራት ላይ ከተጠበሰው የቱርክ ዶሮ ጋር እንደሚቀርብ ያውቃል። ስለዚህ ግሌን እንደወጣ የነዳጁን ወረቀት አነሳ። በነዳጅ ላይ ከመቶ አምስት ይመልሳል ይላል። ሦስት መኪና፣ ሁለት ሳምንት መንገድ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከነዚህ ሰዎች ውስጥ አንዱ እንደ ሰው የተናገረ መሰለው። "ይሄ ነው። ጨረስኩ" አለ።

"ጀርባውን አንብበኸዋል?" አለች ቬርና።

"ጀርባውን ማን ያነባል? ፊደሉን ጉንዳን ነው እንዴ የጻፈው?"

ሐሙስ ጠዋት ለቀብር የሚለብሳትን ጃኬት ለብሶ ባንክ ሄደ። ቬርናም የእጅ ቦርሳዋን ይዛ አብራው ሄደች፤ ነይ አላላትም፣ ቅሪም አላላትም። ያስተናገደቻቸው ኬይሊ የምትባል ወጣት ናት። ዴልበርት አባቷን ያውቃል። አንድ ዓመት ኦክ ዛፍ ጣራቸው ላይ ሲወድቅ ያነሳላቸው እሱ ነው።

ኬይሊ ጠየቀች፣ ዴልበርት መለሰ፣ ኬይሊ ጻፈች። ከዚያ ኮምፒውተሩን አየች። እንደገና አየች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየች።

"ሚስተር ክሬብስ፣ የብድር ታሪክ የለዎትም።"

"የለኝማ!" አለ ዴልበርት ደረቱን ነፍቶ። "ተበድሬ አላውቅም።"

"አይ... እሱ እኮ ነው ችግሩ።"

"መጥፎ ነው እያልሽኝ ነው?"

"መጥፎም አይደለም። የለም ነው። ሰው ሲበደርና ሲከፍል ነጥብ ይሰጠዋል፤ ባንኩ የሚያየው ያንን ነጥብ ነው። እርስዎ ነጥብ የለዎትም።"

"ዜሮ ነኝ ማለት ነው?"

"ዜሮ እንኳ ቢሆኑ ኮምፒውተሩ ያነበው ነበር።"

ዴልበርት ወደ ቬርና ዞረ። ቬርና የግድግዳውን ሰዓት ታያለች።

"ስሚ ልጄ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው የሚፈራው። "የድሮ ካርዴን ዘጋሁት። አንድ ቀን እንኳ አሳልፌ ከፍዬ አላውቅም። ሰው ሌባ አለመሆኑን ለማስረዳት መጀመሪያ መስረቅ አለበት?"

"የዘጉት በጣም ስለቆየ ከመዝገብ ወጥቷል።"

"ያ ኦክ ዛፍ ጣራችሁ ላይ የወደቀ ጊዜ አባትሽ እጁ ላይ ምንም አልነበረውም። እስኪያገኝ ጠበቅኩት። ያበደርኩት እኔ ነኝ!"

"አውቃለሁ ሚስተር ክሬብስ። አባባ እስከ ዛሬ ያነሳዎታል። ኮምፒውተሩ ግን ያበደሩትን አይቆጥርም፣ የተበደሩትን ነው የሚቆጥረው።"

"ታዲያ ይሄን ዕቃ የሠራው ማን ነው?" አለ ኮምፒውተሩን እያሳየ። "አምጪልኝ እስቲ። አምጪልኝና እዚህ ቁጭ ይበል።"

ኬይሊ አልተቆጣችም፤ ያ ይበልጥ አናደደው። የራስዎን ገንዘብ እዚህ አስቀምጠው በዚያ ልክ የሚሠራ ትንሽ ካርድ ማውጣት ይችላሉ አለችው። የራሱን ገንዘብ ለራሱ ሊያበድሩት! እሱም ቢሆን ለሰኞ አይደርስም። አለበለዚያ ነጥብ ያለው ሰው ከጎንዎ ይፈርም አለች። "አባትህን ይዘህ ና" ማለት ነው፣ በትህትና። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት ዞሮ ያው ወንበር ላይ ቁጭ አለ፤ ወንበሩ ብቻ ነው የተቀየረው።

ስድስቱን ሰዎቹን አሰበ። ከገና ወዲህ አንድም ቀን አልሠሩም። ቡች የሚባለው ሚስቱ ልትወልድ ነው፤ ሰኞን በጣቱ ነው የሚቆጥረው። ሰኞ ካልደረሰ የኩባንያው ሰው ሌላ ሰው ይጠራል፤ ዳግመኛም አይደውልም። ዴልበርት ዓይኑን ጨፍኖ የሚመርረውን መድኃኒት ሊውጥ አፉን ከፈተ።

"የሚስቴ ወንድም አለ... ግሌን የሚባል..."

ቬርና የእጅ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው።

"እስቲ የኔን እዪው" አለች።

"ያንቺን ምኑን ነው የምታየው?" አለ ዴልበርት። "አብረን ቆርጠን!"

"እዪው አልኩሽ ልጄ።"

ኬይሊ ጻፈች። ጠበቀች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

"ስምንት መቶ አስራ ሁለት" አለች።

"ከስንት?" አለ ዴልበርት።

"ከስምንት መቶ ሃምሳ። ሚስስ ክሬብስ፣ ውሃ ላምጣልዎት?"

ለዴልበርት ውሃ ያለው ማንም አልነበረም። ኬይሊ ውሃ ልታመጣ ስትነሳ ወደ ሚስቱ ዞረ።

"በዓይኔ አይቼሻለሁ! በመቀስ ቆርጠሻል! ሕዝብ ነው ያየሽ!"

"የቆረጥኩት ጊዜው ያለፈበትን ነው። አዲሱ በዚያው ሳምንት በፖስታ መጥቶ ነበር።"

"በእግዚአብሔር ቤት?"

"እግዚአብሔር ካርዱ ላይ የተጻፈውን ቀን ማንበብ አያቅተውም።"

"ለምን ግን? ለምን?"

"አንተ ስትቆርጥ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ወጥ ቤቱን እያጥለቀለቀው ነበር፣ ለዚህ ነው።"

"እሱን ግሌን በቅናሽ አገኘልን አላልሽኝም?"

"በቅናሽ ያገኘው ግሌን ነው። በካርድ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ከደሞዜ ነው፤ ወር ጠብቄ ዕዳውን እከፍላለሁ።" ቬርና የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትሠራለች። "ደሞ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

ጠይቋት አያውቅም። ምን ብሎ ይጠይቃል? ሰው ሚስቱን ማታ ማታ ካርድሽን ቆርጠሻል ወይ እያለ ይጠይቃል?

ኬይሊ ውሃውን ይዛ ተመለሰችና የሚስስ ክሬብስ ስም በድርጅቱ ምዝገባ ላይ አለ ወይ አለች። አለ። ዴልበርት ራሱ ነው ያስገባት፤ አንድ ቀን ዛፍ ቢወድቅበት ድርጅቱ ለሷ እንዲቀር ብሎ። የሞተ ዕለት ትጠቀምበታለች ያለው ነገር በቁሙ መጣበት።

"እንግዲያው የትኛው ይሁን? የነዳጁ?" አለች ኬይሊ።

"የነዳጁ" አለ ዴልበርት።

"አይሆንም" አለች ቬርና። መነጽሯን አውጥታ የወረቀቱን ጀርባ ገለበጠች። "ከመቶ አምስቱ የመጀመሪያውን ሦስት ወር ብቻ ነው። እሱም ከራሳቸው ማደያ ከቀዳህ ነው። ቴነሲ ውስጥ አንተ በምትሄድበት በኩል የነሱ ማደያ አለ?"

ዴልበርት ወረቀቱን ለማየት አንገቱን አሰገገ።

"የለም። ትናንት ማታ አንተ ስትተኛ አየሁ። ልጄ፣ ያንን ዝም ብሎ የሚስቀውን ስጪን። የዓመት ክፍያ የለውም፤ በሁሉም ዕቃ ላይ እኩል ይመልሳል።"

"ለሚስተር ክሬብስ በሥርዎ ተጨማሪ ካርድ ይውጣላቸው?"

በሥርዎ አለች። ዴልበርት የጃኬቱን ቁልፍ ከፍቶ መልሶ ቆለፈ።

"ይውጣለት" አለች ቬርና።

"ገደብ ይኑረው?"

ቬርና ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው። "ለሆቴሉ፣ ለክሬኑና ለነዳጁ የሚበቃ አድርጊው። ለአዲስ መጋዝ የማይበቃ።"

ካርዱ ቅዳሜ ደረሰ። የድርጅቱ ስም ከላይ፣ የሱ ስም ከታች። በእነዚያ ቀኖች ባልና ሚስቱ የተነጋገሩት ስለ ካልሲ ብቻ ነው፤ ስንት ጥንድ ልያዝልህ አለችው፣ እንደፈለግሽ አላት።

እሑድ ቸርች ሄዱ። ፓስተር ሃርላን አርጅቷል፤ ከስብከቱ በኋላ ግን ያ ትምህርት ከነገ ጀምሮ እንደገና እንደሚከፈት አበሰረና ማሰሮውን አቅፎ አመጣው። ቁርጥራጩ ውስጡ እንደ ደረቀ ቅጠል ተከምሯል። ዴልበርት ወንበሩ ላይ ወደ ታች ሟሟ።

"ወገኖቼ፣ ምሳሌ የሚሆኑን በመካከላችን አሉ" አለ ፓስተሩ። "ወንድም ዴልበርት! እኅት ቬርና! እስቲ ተነሱ። እስቲ ለእነዚህ ወጣቶች ንገሯቸው፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ያለ ካርድ እንዴት እንደኖራችሁ።"

ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀመረ። ያው ጭብጨባ ነው። ዴልበርት ተነሳ። ካርዱ የኋላ ኪሱ ውስጥ ነው፣ እንደ ፍም ይፈጀዋል። ዋሽቶ ቢቀመጥ ማንም አያውቅበትም፤ ሰኞም ይሄዳል፤ ማጨብጨቡም ይቀጥላል። አፉን ከፈተ። ግን ደግሞ ከእንግዲህ በማይገባው ጭብጨባ እንዴት ይቁም? ከሐሙስ ወዲህ የታመቀው ንዴት ገነፈለና የወጣው ይሄ ብቻ ሆነ፦

"እሷን ጠይቋት!"

ቬርና ቀሚሷን አስተካክላ ተነሳች።

"እኔ ያን ዕለት የቆረጥኩት ጊዜው ያለፈበትን ነበር ፓስተር" አለች፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው። "ደህናውን ቤት ነው ያስቀመጥኩት። ዴልበርት ግን እውነተኛውን ነው የቆረጠው። አመስግኑት።" ተቀመጠች።

ጭብጨባው መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ዴልበርት ምድር ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። ሕዝቡ በሙሉ ቬርናን እያየ ነው ብሎ ዞር ሲል ግን የሚያያት ወንዱ ብቻ ነው። ሴቶቹ አላዩአትም። አንዷ ጫማዋን ታያለች። አንዷ ቦርሳዋ ውስጥ ማስቲካ ትፈልጋለች። የቡች እናት ንፁሑን መነጽሯን ደጋግማ ትወለውላለች። ከፊት ወንበር ላይ ደግሞ የፓስተሩ ሚስት ሎሪን የመዝሙር መጽሐፉን ገልብጣ ይዛ እያነበበች ነው።

"ሎሪን?" አለ ፓስተር ሃርላን።

"እንዘምር እንጂ!" አለች ሎሪን ቀና ሳትል።

ዘመሩ። ዴልበርት ማሰሮውን አየ። በዚያ ማሰሮ ውስጥ የወንዶቹ ካርድ ብቻ እንደሞተ፣ ከወንዶቹም ደግሞ ማግስቱን ደውሎ ሒሳቡን እስከ መዝጋት የደረሰ ምናልባት እሱ ብቻ እንደሆነ ያኔ ገባው።

ሰኞ ገና ሳይመሽ ስድስቱን ሰው ይዞ ሆቴሉ ደረሰ። ክሬኑን የሚከራየው ነገ ነው፤ የመንገዱን ነዳጅ በጥሬ ቀድቷል፤ ካርዱ ገና አልተነካም። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ካርዱን ተቀብላ መሣሪያው ውስጥ ሰካችው። መሣሪያው አሰበ፣ አሰበና ድምፅ አሰማ።

"አለፈ" አለች፤ አራት ቁልፍ ሰጠችው። ፖሊስ አልጠራችም። ስሙን እንኳ ሁለቴ አላየችም። ዕድሜ ልኩን የተዘጋበት በር እንዲህ በቀላሉ መከፈቱ ራሱ ያናድዳል።

ሻንጣውን ሳያወርድ ስልኩ ጮኸ።

"ገባችሁ?" አለች ቬርና።

"ማን ነገረሽ?"

"ስልኬ። በተጠቀምክ ቁጥር ይነግረኛል።"

"በተጠቀምኩ ቁጥር?"

"በተጠቀምክ ቁጥር። በል ሰዎቹን አብላቸው፤ ነገ ከመንጋቱ በፊት ነው የምትወጡት።"

ስልኩን ዘግቶ በንዴት ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ጥግ ላይ የሚበላ ነገር የሚሸጥ ማሽን ቆሟል። እዚህ እንኳ ያንቺን አልነካም አለና የላስቲኩን ጥቅል አወጣ፤ አንድ ዶላር መዝዞ አጎረሰው። ማሽኑ ተፋው። ጭኑ ላይ ዘርግቶ አስተካክሎ አጎረሰው። ተፋው። በጀርባው አጎረሰው። ተፋው። ሌላ ዶላር ሞከረ፤ እሱንም አየት አድርጎ ተፋው።

"አለቃ፣ እሱ እኮ ካርድ ይበላል" አለ ቡች በዚያ ሲያልፍ።

"ክፍልህ ግባ ቡች።"

ኮሪደሩ ጭር እስኪል ጠበቀ። ግራ ቀኝ አየ። ከኋላ ኪሱ ካርዱን አውጥቶ ሰካው፤ የኦቾሎኒ ከረጢት ዱብ አለ። ጎንበስ ብሎ ሳያነሳው ስልኩ ጮኸ።

"አንድ ዶላር ከሃምሳ ምንድን ነው?" አለች ቬርና።

"ኦቾሎኒ ነው!" ብሎ ጮኸ ዴልበርት፣ ኮሪደሩ በሙሉ እስኪሰማ። "ኦቾሎኒ ነው፣ ቬርና! ኦቾሎኒ!"

"ታዲያ ምን ያስጮህሃል?" አለች። "ብላ።"